ቀንዱ የሚነድ በሬ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን እንድታነቡ ማን ነገራችሁ? ዝም ብላችሁ ነው ያገኛችሁት? ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር አላምንም፣ ግን ለዛሬ ይለፍ።

እኔ እንደዚህ ነኝ። ሰው ሰላም ሲለኝ ከሰላምታው በኋላ ምን ሊለምነኝ እንደሆነ አስባለሁ። ባለሱቅ ከገዛሁት ላይ ከመረቀልኝ፣ ዕቃው ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን አገላብጬ አያለሁ። "ጠርጥር፣ ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር" ብሎ የተረተው ሰውዬ ቢገኝ የሥጋ ዘመዴ ይመስለኛል። በእርግጥ ዝምድናውን ማጣራት ይኖርብኛል።

ጠባዩ የመጣብኝ ከሥራዬ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ትራንዚተር ነኝ፤ ዶራሌ ወደብ ላይ ወደ አገር ቤት የሚገባ ዕቃ ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን አያለሁ። ወረቀቱ "ሰሐን" ይላል፤ ኮንቴይነሩ ሲከፈት ከፊት ለፊት እውነትም ሰሐን ተደርድሯል፤ ሰሐኑን ገለል ስታደርጉት ከኋላው ሌላ ጉድ ቁጭ ብሎ ያያችኋል። ከዚህ ሁሉ ዓመት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከፊት የተደረደረው ለዓይን ነው፣ ዋናው ነገር ከኋላ ነው የሚለው ነው። ይህ ትምህርት ለኮንቴይነር ፍቱን ነው። ለፍቅር ግን አይሆንም፤ ማን ይንገረኝ!

አስቴርን የተዋወቅኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴ አልቆ ስወጣ ጫማዬ የለም። "ጫማዬን ማን ወሰደው? እዚህም ሌባ ይገባል?" ብዬ ግቢውን ስቀውጠው፣ አንዲት ቀይ ዳማ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጠጋ አለችኝና "ወንድሜ፣ በእጅህ ይዘኸዋል" አለችኝ። እውነትም ይዤዋለሁ። ያን ዕለት ልብ ብል ኖሮ የቀረው ሁሉ ባልደረሰብኝ።

አስቴር ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች ባንዱ፣ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ እዚያው እያደረች ነው የምትሠራው። ምግብ ታበስላለች፣ የማዳምን ትንሽ ልጅ ትይዛለች። ዕረፍቷ ዓርብ ነው። ዓርብ ዓርብ እንገናኛለን፣ ጭማቂ እንጠጣለን፣ ባሕሩን እናያለን። ሰው ናት፤ ደግ፣ ሳቂታ፣ ነገር አዋቂ። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ዓርብ አመሻሽ ላይ ስልክ ይደወልላታል። ያኔ ብድግ ብላ ራቅ ትልና እየሳቀች ታወራለች። "ማነው?" ስላት "እናቴ ናት" ትላለች። እኔም እናት አለችኝ፤ ከእናቱ ጋር እንደዚያ የሚንከተከት ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ወደድኳት። የወደድኩትን ሰው ደግሞ ይበልጥ ነው የምጠረጥረው፤ ያልወደድኩት ቢያታልለኝ ምን ቸገረኝ?

በተዋወቅን በዓመቱ አንድ ዓርብ ቀለበት በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼ መጣሁ። የማንጎ ጭማቂ አዘዝን። ጭማቂውን ሳልቀምስ በማንኪያ አማሰልኩት፣ አማሰልኩት።

"አስቴርዬ፣ ለምን አንጋባም?" አልኳት፤ በቃ፣ እንደዚያው፣ አንድም ነገር ሳላሳምር።

ብርጭቆዋን አየች። ባሕሩን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንዲት ፍላሽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ።

"ይህን ፊልም እየው። እስከ መጨረሻው እየው። ከዚያ መልሴን እነግርሃለሁ" አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሴት ልጅ ስትጠየቅ "ላስብበት" ትላለች። "ሽማግሌ ላክ" ትላለች። "ወንድሜን ላማክር" ትላለች። ፊልም እይ የምትል ከወዴት መጣች?

"የምን ፊልም ነው?"

"የልጆች ነው። ከማዳም ልጅ ጋር ሁልጊዜ የምናየው። ተረት ነገር ነው፤ በሬ አለው፣ ኤሊ አለው..."

"እና እኔ ለምን አየዋለሁ?"

"ስታየው ይገባሃል።"

"ይገባሃል" የምትለዋ ቃል ናት የጨረሰችኝ። የሚገባ ነገር ካለ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። ቀለበቱን ከነመሐረቡ ይዤ ተመለስኩ።

በማግሥቱ በቀጥታ የሄድኩት ገዛኸኝ ዘንድ ነው። ገዛኸኝ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዶራሌ ላይ የጭነት ተራ እስኪደርሰው ከመኪናው ሥር ፍራሽ ዘርግቶ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አቁሞ፣ በየፊልሙና በየመዝሙሩ ውስጥ የሰይጣን ምልክት የሚያጋልጡ ሰባኪዎችን ሲሰማ ይውላል። ሌላው ሾፌር ተራ ሲጠብቅ ካርታ ይጫወታል፤ ገዛኸኝ በተራው ብዛት ሊቅ ሆኖ ወጣ። አሁን የብስኩት ካርቶን ስታሳዩት ከጀርባው ምን እንዳለ ይነግራችኋል።

"የልጆች ፊልም?" አለ፣ ከፍራሹ ብድግ ብሎ ጭንቅላቱን ከመኪናው ጋር እያጋጨ። "ወይኔ ጉድህ! ዋናው መርዝ እኮ በልጆች ፊልም ነው የሚገባ። በል ስማኝ። አንድ ዓይን ካየህ ጠርጥር። ሦስት ማዕዘን ካየህ ጠርጥር። ስድስት ቁጥር ካየህ ጠርጥር። ቀንድ ካየህ ደግሞ በቃ፣ አትጠርጥር፣ እርግጠኛ ሁን።"

"በሬ አለው ብላኛለች" አልኩት።

ገዛኸኝ አማተበ።

ቴሌቪዥን የለኝም። የምኖረው ካርቲየ 3 በሚሉት ሰፈር፣ ሐጂያ ፋጡማ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሐጂያ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ ካርቲየ 1 ጨርቅ የምትነግድ ሴትዮ ናት። የገባሁ ሰሞን አንቱ ብላት "አቦ! አንቱ እያልክ አታስረጀኝ፣ ኪራይ እጨምርብሃለሁ" ብላ አስተወችኝ። ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ግማሹ ሲተኛ ግማሹ ሲቅም፣ እሷም ጫቷን ይዛ ከቬንትላተሩ ንፋስ ሥር ትቀመጣለች። ፍላሿን ይዤ ገባሁና ቴሌቪዥኗን ለመንኳት።

"ምን ፊልም ነው?"

"ለምርመራ ነው" አልኳት።

ፊልሙ በፈረንሳይኛ ነው። የኔ ፈረንሳይኛ የወደብ ፈረንሳይኛ ነው፤ "ዕቃው የታለ?"፣ "ማሸጊያው ተሰብሯል" እስከማለት ያደርሰኛል እንጂ ለተረት አይበቃም። ሐጂያ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የነገደችበት ቋንቋ ስለሆነ ጥንቅቅ አድርጋ ትሰማለች። "ልተርጉምልህ?" ስትለኝ እምቢ አልኩ። ቃሉ ከፊት የተደረደረ ሰሐን ነው፤ እኔ የምፈልገው ከኋላው ያለውን ነው።

እንግዲህ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፀሐይ የማይወጣበት አገር አለ። አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ለአንዲት ሽማግሌ ኤሊ አደራ ትሰጥና በጀልባ ትሄዳለች፤ የምትሻገረው ሐይቅ እንደ ጅቡቲው አሳል ሐይቅ ጨው ነጭ ነው። ማዶ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ቤት ገብታ ታገለግላለች፤ ከሰውዬው ምድጃ ፍም እየቆነጠረች በወፍ ወደ አገሯ ትልካለች። ልጅቷ ጣራ ላይ እየወጣች ሐይቁን ታያለች። መሐል ላይ ደግሞ ከሐይቁ ውስጥ ቀንዱ የሚነድ በሬ ብቅ ይላል።

ይህ ነው የሚታየው። የማይታየውን ስሙ!

"አቁሚው!" አልኳት ሐጂያን። የጀልባዋ ሸራ ሦስት ማዕዘን ነው። በስልኬ አነሣሁት። "አቁሚው!" ኤሊዋ ግንባሯ ላይ ሦስተኛ ዓይን አላት። አነሣሁት። "አቁሚው!" የግዙፉ ሰውዬ ቤት መስኮቶች ስድስት ናቸው።

"ሰባት ናቸው" አለች ሐጂያ።

"አንዱ በር ሊሆን ይችላል።"

"መጋረጃ ያለው በር?"

"ማሳሳቻ ነዋ!"

"ወላሂ አንተ ልጅ ጤና የለህም! ሴትዮዋ ልጇን አቅፋ ስትንሰቀሰቅ አንተ ሸራ ትቆጥራለህ? ፊልም ነው ኮንቴይነር?"

ዓይኔን ወደ ፊልሙ መለስኩ። ያልተማረ ሰው ምርመራ አይገባውም ብዬ ነው። ስንትና ስንት ጊዜ እንዳስቆምኳት እንጃ፤ ብቻ በሬው ብቅ ሲል የሐጂያ ጫት ተጋምሷል። ቀንዱ ቦግ ብሎ ሲነድ እኔም አላስቻለኝም። ለክፉ ቀን ኪሴ ይዣት የመጣሁትን የጠበል ብልቃጥ ከፍቼ፣ "በስመ አብ!" ብዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ረጨሁ።

ድርግም!

"ወጣ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑ ነው የወጣው? ቴሌቪዥኔን ገደልከው!" ብላ ሐጂያ ጫማዋን አነሣች።

ቬንትላተሩም ቆሟል። ከጎረቤት "ውይ!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ከማዶም፣ ከዚያ ማዶም። ለካስ መብራት ነው የሄደው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል። እውነቱን ልንገራችሁና ለጊዜው ጋኔኑ ሰፈሩን ጠራርጎ የወጣ መስሎኝ ነበር። መብራቱ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤ መርከብ ገብቷል ተብዬ ወደ ዶራሌ ተጠራሁ። ሐጂያ ከዚያ በኋላ ብቻዋን ጨርሳ አየችው። በማግሥቱ በር ላይ ጠብቃኝ ዓይኗ ቀልቶ "መጨረሻውን ልንገርህ?" አለችኝ።

"እንዳትነግሪኝ! ምርመራው ይበላሻል።"

ፎቶዎቹን ለገዛኸኝ አሳየሁት። እያሳደገ እያሳነሰ አያቸውና የሞት መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜ፣ ልጅቷ ተይዛለች።"

"አስቴር? የምታስቀድሰዋ?"

"እነሱማ የሚይዙት የምታስቀድሰዋን ነው፤ የማታስቀድሰዋን ምን ያደርጓታል? ፈትናት። ሳትነግራት ጠበል ስጣት። ካልጠጣች፣ ወይም ከጮኸች፣ በቃ።"

ዓርብ ደረሰ። ጠበሉን በተራ የውኃ ጠርሙስ ገልብጬ ሄድኩ። ያን ቀን ጅቡቲ እንዴት እንደነደደች አትጠይቁኝ፤ ከበረሃው የሚመጣው ንፋስ ፊት ይልጣል። አስቴር ላብ በላብ ሆና ደረሰች። ጠርሙሱን ሰጠኋትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አንገቷን ቀና አድርጋ ግጥም አደረገችው።

"እፎይ! ሌላ አለህ?" አለችኝ።

በዚህ ሙቀት የቀረበለትን ጠበል የማይጠጣ ጋኔን ቢኖር ጤንነቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ፈተናው ምንም አላረጋገጠልኝም።

"አየኸው?" አለችኝ ቁጭ እንዳልን። ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም።

"እያየሁ ነው።"

"የት ደረስክ?"

"በሬው ጋ።"

"እንግዲያው ልጅቷ ጣራ ላይ የምትወጣበትን አይተሃል ማለት ነው።"

"አይቻለሁ። ጣራው ሦስት ማዕዘን ነው" አልኳትና ፊቷ ይለዋወጥ እንደሆነ አጤንኩ።

ተለዋወጠ። ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ አንድ የበራ ነገር ፊቷ ላይ ጠፋ። ስልኳ ሲጮህ ተነሥታ ከወትሮው ራቅ ብላ ሄደች። ያን ዕለት አልሳቀችም። "አሃ፣ ነቅቼባታለሁ!" ብዬ እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ቤቴ ስገባ ግን ደስታው ጠፋ። ተይዛም ይሁን ሳትያዝ፣ ይህችን ሴት ማጣት አልፈልግም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ በመጣሁ ቁጥር ግን ትንሽ ይቸኩላሉ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው፣ ሸራውን፣ ኤሊዋን፣ በሩን የመሰለውን መስኮት።

"ልጄ፣ ስንት ቀን ሆነህ ይህን ፊልም ስትመረምር?"

"ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነው፣ አባ።"

"ዳዊት ከደገምክስ?"

አሳለኝ።

"ቀንድ ሁሉ የሰይጣን ነው ያለህ ማነው?" አሉ። "ጌታ በግርግም ሲወለድ በትንፋሹ ያሞቀው ባለ ቀንድ ከብት አይደለም? ለመሆኑ ልጅቷን ለምን ሰጠሽኝ ብለህ ጠይቀሃታል?"

"አባ፣ መርማሪ ተጠርጣሪውን መጀመሪያ አይጠይቅም።"

በመስቀላቸው ግንባሬን ነኩኝ። ከወትሮው ጠንከር ያለ መሰለኝ።

አባ የተናገሩት ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ከብቱና ስለ መጠየቁ። እኔ ይዤ የወጣሁት ከብቱን ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ጥቂት ጊዜ የቆሎ ትምህርት ቤት ቆይቻለሁ፤ ፊደሉ ጠፍቶኝ የቀረችኝ "አንድም" የምትለዋ ቃል ናት። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል ይፈቱና፣ አንድም ብለው ደግሞ በሌላ ይፈቱታል፤ ነገሩ ወርዶ ወርዶ አያልቅም። ታዲያ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ክው አልኩ። ያ በሬ ሰይጣን ሳይሆን ቢቀርስ? ለሌላው ብርሃን ብሎ ራሱ የሚነደው ማነው?

እንደገና ሐጂያ ዘንድ ገባሁ። አሁን የምፈልገው ሌላ ምልክት ነው። ሐይቁ ጥምቀት ነው። አንድም፣ ሐይቁ ዓለም ነው። ሦስት ማዕዘኑ ሥላሴ ነው! ኤሊዋ ዛጎሏን ተሸክማ የምትዞር መናኝ ናት፤ ሦስተኛ ዓይኗ የልብ ዓይን ነው። መስኮቶቹም ሰባት ናቸው፣ ሰባቱ ምሥጢራት።

"ባለፈው ስድስት ብለህ ተጣልተኸኝ?" አለች ሐጂያ።

"አሁን በራልኝ።"

"ያ ሰይጣን ያልከው በሬስ?"

"ክርስቶስ ነው።"

ሐጂያ ጫቷን አስቀመጠች። "አንተ! በአንድ ሳምንት? በሬ እኮ ነው!"

በሬው ሐይቁ ዳር ተንበርክኮ የሚነደውን ቀንዱን ለሴትዮዋ ሲያዘነብል ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። "አገኘሁት!" ብዬ ፍላሿን መንጭቄ ወጣሁ። ሐጂያ "ኧረ አላለቀም! ዋናው ገና ነው!" እያለች በር ድረስ ተከተለችኝ። የሊቅነት ስሜት ይዞኝ ስለነበር አልሰማኋትም።

ገዛኸኝን መኪናው ሥር አገኘሁትና የምሥራቹን ነገርኩት። ፍራሹን ሳብ አድርጎ ከኔ ራቅ አለ። "አንተንም ያዙህ" አለኝ።

ቀጣዩ ዓርብ ነው እንግዲህ ጉዱ። መሐረቡን ኪሴ ከትቼ፣ ንግግሬን በቃሌ ሸምድጄ፣ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቴርን ጠበቅኋት። መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ጨረስከው?" አለችኝ።

"ጨርሼዋለሁ። ገብቶኛልም" አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደተፈታ ብታዩት! እጄን ያዘችኝ። ይዛኝ አታውቅም ነበር።

"ንገረኝ" አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ነፍስ ናት፣ አንድም ቤተ ክርስቲያን ናት። ግዙፉ ሰውዬ ይህ ዓለም ነው። ሐይቁን በሁለት አወረድኩት፣ ሸራውን በሦስት ፈታሁት፣ በሬው ላይ ስደርስ የራሴ ድምፅ ራሴን አስለቀሰኝ። አስቴር እጄን ቀስ እያለች ስትለቅ አላስተዋልኩም።

"ልጅቷስ?" አለችኝ ስጨርስ።

"የቷ ልጅ?"

"ጣራ ላይ ያለችው።"

"እሷን ብዙ ደከምኩባት። ከምንም ጋር አልገጥም አለችኝ። ትርፍ ናት መሰለኝ።"

"ትርፍ ናት?"

"ለፊልሙ ማሳመሪያ የገባች..."

አስቴር ብድግ አለች። ከዚያ መልሳ ቁጭ አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ሶስና ትባላለች" አለችኝ። "ሰባት ዓመቷ ነው። ደሴ እናቴ ዘንድ ናት። ልጄ ናት።"

ባሕሩ፣ ሰዉ፣ የሻይ ሻጮቹ ጫጫታ፣ ሁሉም ከጆሮዬ ጠፋ።

"ጥያት ስመጣ ገና ዳዴ ትል ነበር። ደላላው 'ልጅ አለኝ እንዳትዪ፣ ማዳም አትቀጥርሽም' አለኝ፤ እሺ አልኩ። ለማዳም የዋሸሁትን ኋላ ለሁሉ ዋሸሁት። ላንተም። ባፌ ልነግርህ ስል እያቃተኝ ስንት ዓርብ አለፈ። ፊልሙን ሲያይ ይገባዋል አልኩ። አይተህ 'ምስኪን እናት' ካልክ ልነግርህ፤ 'ምን ዓይነት እናት ናት ልጇን ጥላ የምትሄድ' ካልክ ደግሞ ዳግመኛ ላታየኝ። አንተ ግን ጣራ ስትለካ ከረምክ!"

ተናደድኩ፤ አልዋሻችሁም። ዓመት ሙሉ ደብቃኝ! እኔን፣ ፈታሹን! ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም። ሐጂያ ዓይኗ ቀልቶ በር ላይ የቆመችው ታየኝና አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። ይህች ሴት አሁን ተነሥታ ከሄደች ተመልሳ አትመጣም። አንድ ደህና ነገር መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ይህ ነው፦

"እና በሬውስ?"

"በሬው በሬ ነው!" ብላ ጮኸችብኝ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ።

ስልኳ ጮኸ። ሰዓቱ ነው። ዓርብ አመሻሽ። አስቴር ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። ራቅ ብላ የምትሄድ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩላት። አልሄደችም። እዚያው አጠገቤ እንደተቀመጠች ቪዲዮውን ከፈተችው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ጸጉሯ ሹሩባ የሆነ ልጅ ስልኩን ሞላችው።

"እማዬ! ለምን አለቀስሽ? አጠገብሽ ያለው ማነው?"

አስቴር ስልኩን ወደኔ አዞረችው።

"አንተ ማነህ?" አለችኝ ልጅቷ፤ ዓይኗን አጥብባ፣ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ።

"የ... የናትሽ ጓደኛ ነኝ።"

"ሥራህ ምንድነው?"

"ዕቃ እፈትሻለሁ።"

"ለምን?"

"ሰው ስለሚደብቅ።"

"አንተስ ምን ደብቀሃል?"

እንደዚህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። እጄን ኪሴ ከትቼ መሐረቡን አወጣሁና ፈትቼ አሳየኋት።

"ወርቅ ነው?"

"አዎ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

በዚህ ዓለም ላይ የሥጋ ዘመድ አለኝ ካልኩ ይህችው ልጅ ናት፤ ማጣራትም አያስፈልገኝ።

"ፊልሙንስ አይተኸዋል?" አለችኝ። "እማዬ ዓርብ ዓርብ ትንሽ ትንሽ እያለች ትነግረኛለች። መጨረሻው ጋ ስትደርስ 'ኔትወርኩ ተቋረጠ' ትለኛለች። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚቋረጠው። እኔ ግን ውሸቷን ይመስለኛል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እናትየዋ ትመለሳለች?"

አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔ ደግሞ፣ እናንተም አይታችኋል፣ መጨረሻውን አላውቀውም። ሸራውን አውቃለሁ፣ መስኮቶቹን አውቃለሁ፣ የኤሊዋን ዛጎል ጭረት ሳይቀር ፎቶ አንሥቼዋለሁ። እናትየዋ ወደ ልጇ ትመለስ አትመለስ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አላየሁም። በሥራዬ ላይ ሆኜ ያላየሁትን ዕቃ አይቻለሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም፤ አለቆቼን ጠይቁ።

"ትመለሳለች" አልኳት።

"አይተሃል?"

"በዓይኔ።"

"ሐይቁን በምን ተሻገረችው?"

አስቴርን አየኋት። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ሁለት ዓይኖች እያዩኝ ነው።

"በሬው ነው ያመጣት" አልኩ። "ጀርባው ላይ አስቀምጦ።"

"በሬው መጥፎ አይደለም እንዴ?"

"እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።"

ሶስና ትንሽ አሰበች፤ አሰበችና "እሺ" አለች። ስልኩ ተዘጋ፤ የዚያን ዕለት ኔትወርኩ ደህና ነበር።

አስቴር ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ "መጨረሻውን አላየኸውም፣ አይደል?" አለችኝ።

"አላየሁትም።"

እያለቀሰች ሳቀች። "አንተ በሬ!" አለችኝና መሐረቡን ከነቀለበቱ ከእጄ ላይ ወሰደችው። መልሷ ይኸው ነው፤ ሌላ መልስ እስከ ዛሬ አልሰጠችኝም።

ለፋሲካ ደሴ እንሄዳለን። ማዳም ሁሉንም ሰምታለች፤ አልተቆጣችም፣ እንዲያውም ለሶስና ጫማ ገዛችላት። የጫማውን ሶል ገልጬ አየሁት፤ ምንም የለበትም። ገዛኸኝ በየዓርቡ ለኔ ይጸልያል አሉ። ሐጂያ ደግሞ ጫቷን ይዛ በተቀመጠች ቁጥር በበሩ ሳልፍ ትጠራኛለች።

"አንተ ልጅ፣ የፊልሙን መጨረሻ አሁንስ ልንገርህ?"

ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ክፍሌ እሮጣለሁ። እኔ ለልጅቷ ተናግሬያለሁ፤ ፊልሙ የራሱ ጉዳይ ነው።